የደብሪቱ ገንዘብና የላቀው መሰላል

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ። የማወራው ነገር እንደ ሐረግ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሌላው እየተከተለ ይመጣል። ቢረዝም እኔን አትውቀሱኝ፤ ያረዘሙት ሌሎች ናቸው።

ወይራ ምንጭ በምትባል የተራራ ከተማ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት በሬዎቿ ምርቱን እኩል እየተካፈለች መሬቷን እያሳረሰች ትኖራለች። ልጅ የላትም፤ ያለቻት ማንጠግቦሽ የምትባል ታናሽ እህት ናት፤ እሷንም ያሳደገቻት ራሷ ናት። ማንጠግቦሽ ልቧን ታምማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ለዓርብ ቀጥረዋል። የመያዣ ገንዘቡ እስከ ሐሙስ ካልገባ ግን ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል ብለዋል።

ደብሪቱ ነገሩን አላብላላችም። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሁለቱን በሬዎቿን ሸጠች። ቅዳሜ ከሰዓት ባንክ ዝግ ነው፤ እሁድም ዝግ ነው። የመኪናውን መንገድ ደግሞ ናዳ ቆርጦታል። ከወይራ ምንጭ ሰኞና ሐሙስ ብቻ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ጎረቤቶቿ አዋጥተው የሰኞውን ትኬት ገዙላት። ገንዘቡን በነጠላ ጠቀለለችው፤ ጥቅሉን ዘንቢል ውስጥ አስገባች፤ ከላዩ አንድ ጣሳ ቅቤ ደረበችበት። ሰኞ ማለዳ ሄደች።

አውሮፕላን ማረፊያው አንድ አዳራሽና አንድ ረጅም አስፋልት ነው። አስፋልቱ ላይ ፍየሎች ይተኛሉ፤ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ጥበቃው በጅራፍ ያስነሣቸዋል። ደብሪቱ በአውሮፕላን ሄዳ አታውቅም። መጀመሪያ ዘንቢሏን መዘኑት፤ ቀጥለው እሷንም እንደ ቡና ጆንያ ሚዛን ላይ አወጧት። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ሰውም ይመዘናል አሏት። ከዚያ ጫማ አውልቂ ተባለች። ከፊቷ የነበሩት ሽማግሌ ቀበቶ ፍቱ ተብለው ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አለፉ። አንዲት ሴት በካርቶን ያመጣችው ዶሮ አይሳፈርም ተብሎ ከበር ተመለሰ። ደብሪቱ ይህን ሁሉ አየችና የአገሩ ደንብ ነው ብላ ተቀበለች።

ተቆጣጣሪው ሲራክ የሚባል ጎልማሳ ነው። ዘንቢሉን ከፍቶ ጣሳውን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«ቅቤ ነው ልጄ፤ ለእህቴ።»

«ቅቤ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ አይገባም።»

«ፀሐይ ላይ ብታስቀምጠው ፈሳሽ ነው። አሁን ግን ንካው።»

ነካው፤ ደረቅ ነው። ቅቤው አለፈ። ሲራክ ጥቅሉን አወጣ፤ ነጠላውን ገለጥ አደረገና መልሶ ሸፈነው።

«ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ከየት መጣ?»

«በሬዎቼን ሸጬ ነው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«በሬ ገበያ ላይ ማን ማስረጃ ይሰጣል? ገንዘቡን ሰጡኝ፤ በሬዎቹን ነዱ።»

ሲራክ ክፉ ሰው አልነበረም። ምንጩ ያልታወቀ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ሲገኝ ይያዝ የሚል መመሪያ ደርሶታል፤ እሱም ያዘው። ከኋላ ተሰልፎ የነበረ አንድ መምህር አላስቻለውም።

«ገንዘብ መያዝ ወንጀል ነው እንዴ?» አለ።

«ወንጀል ነው አላልኩም» አለ ሲራክ። «ባለፈው በዚሁ በር አንድ ሰው በሻንጣ ገንዘብ ይዞ ሊያልፍ ነበር። ገንዘቡ ከገበሬዎች ማኅበር የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ባንይዘው ገበሬው ባዶ እጁን ይቀር ነበር።»

«እሱስ ደግ አደረጋችሁ። ግን የእሷ መሆኑን እሷ ታስረዳ ነው ወይስ የእሷ አለመሆኑን አንተ ታስረዳ?»

«እኔ በሬዎቿን የት አውቃቸዋለሁ?»

«እሷስ ሌባህን የት ታውቀዋለች?»

ሽማግሌው ሱሪያቸውን እንደያዙ የሁለቱም ልክ ነው አሉ። ይህ ለማንም አልጠቀመም። አውሮፕላኗ መጣች፤ መምህሩም ሽማግሌውም ተሳፈሩ፤ አውሮፕላኗ ሄደች፤ ፍየሎቹ ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። ደብሪቱ ትኬቷ ወደ ሐሙስ ተዛውሮላት ቅቤዋን ይዛ ቀረች። ያለ ገንዘቡ ብትበር ምን ዋጋ አለው? ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

«መልስልኝ ልጄ» አለችው።

«ኃላፊያችን ካልፈረሙ አልችልም» አላት።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ሶስና ይባላሉ፤ ቢሯቸው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ደብሪቱን ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት፤ ታሪኳንም እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እኔ አምንሻለሁ እህቴ» አሉ። «ችግሩ ግን ሌባም ሐቀኛም እኩል ነው የሚያሳዝነኝ። ፊቱን አይቼ ልለቅ ብል ቆንጆ አድርጎ የሚያለቅሰው ሁሉ ያልፋል። ከተማ ውስጥ የገንዘብ አጣሪ አለ። ምንጩ ታውቋል ብሎ ይጻፍልኝ፤ ያኔ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ።»

ደብሪቱ ወጣች። አጣሪው ካልጻፈ ኃላፊዋ አትፈርምም፤ ኃላፊዋ ካልፈረመች ተቆጣጣሪው አይመልስም፤ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

አጣሪው ጌድዮን የሚባል ወጣት ነው። ቢሮው በር ላይ ወረፋ ነበር፤ የደብሪቱ ተራ ሲደርስ ቀኑ መሽቶ ቢሮው ሊዘጋ ተቃርቧል።

«በሬዎቹ የእርስዎ እንደነበሩ ማን ያውቃል?» አላት።

«መንደሩ ሁሉ።»

«መንደሩን ሁሉ ቢሮዬ አላስገባውም። የቀበሌው ሊቀመንበር መስክሮ ማኅተም ያድርግበት፤ ቁጭ ብዬ እጽፍልዎታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ካላተመ አጣሪው አይጽፍም፤ አጣሪው ካልጻፈ ኃላፊዋ አትፈርምም፤ ኃላፊዋ ካልፈረመች ተቆጣጣሪው አይመልስም፤ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

ቤቷ ገብታ እሳት ሳታነድ ስልክ ደወለች። ማንጠግቦሽ በደካማ ድምፅ አነሣች።

«አልመጣሽም እንዴ?»

«ሐሙስ እመጣለሁ።»

«ሐሙስ ጥሩ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። ቀጥላም «ካልሆነም አትጨነቂ» አለች።

ይህ «አትጨነቂ» የሚለው ቃል ደብሪቱን እንቅልፍ ነሣት። እህቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲርባት አልራበኝም፣ ሲያማት ደኅና ነኝ የምትል ሰው ናት። አትጨነቂ ስትል ነው የሚያስጨንቀው።

ማክሰኞ የቀበሌው ቢሮ ሲከፈት ደብሪቱ በሩ ላይ ነበረች። ሊቀመንበሩ ቸኮል ይባላል፤ ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ቸኩሎ አያውቅም። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣ፤ ተነፈሰበት፤ ከወረቀቱ በላይ ያዘው፤ እዚያው ላይ እንዳለ ቆመ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ በሬ እንዳለሽ አውቃለሁ» አለ። «መሸጥሽን ግን አላየሁም።»

«በረቴ ባዶ ነው። ሄደህ እየው።»

«ባዶ በረት መሸጥን አይመሰክርም። ዘመድ ቤት ወስደሽ አስረሻቸው እንደሆንስ? ገዢው ይምጣና እኔ ነኝ የገዛሁት ይበል። በምን አይተህ አተምክ ብሎ የበላይ ቢጠይቀኝ መልስ ሊኖረኝ ይገባል።»

«ገዢው ሐጂ ሙዘይን ናቸው። በስልክ ላገናኝህ።»

«በስልክ የሚመጣው ድምፅ ነው። እኔ ሰው ነው የምፈልገው። አንቺም እሳቸውም ፊቴ ቁሙልኝ።»

ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሰው። ነጋዴው ካልመሰከረ ሊቀመንበሩ አያትምም፤ ሊቀመንበሩ ካላተመ አጣሪው አይጽፍም፤ አጣሪው ካልጻፈ ኃላፊዋ አትፈርምም፤ ኃላፊዋ ካልፈረመች ተቆጣጣሪው አይመልስም፤ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

ሐጂ ሙዘይን የከብት ነጋዴ ናቸው። ከቅዳሜ ጀምሮ የትም አልሄዱም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪናቸው ቆማለች። ደብሪቱ ባጃጅ ይዛ ደረሰች። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላለች። ላይዋ ላይ ከብት ታጭቋል፤ ከመካከላቸው ዳልቻውና ቦራው በሬ የእሷ የነበሩ ናቸው። ዳልቻው አወቃት፤ አንገቱን በእንጨቱ መሐል አውጥቶ እጇን ላሰ። ደብሪቱ እጇን ሳትነጥቅ ለሐጂ የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«ወላሂ አሁኑኑ እመሰክርልሽ ነበር» አሉ ሐጂ። «ግን ከብቱን መንገድ ላይ ጥዬ እንዴት ልምጣ?»

«እኔ ልጠብቅልዎት።»

«አንቺም እኔም ፊቴ ቁሙ ብሏል አላልሽም? አንቺ እዚህ ከቀረሽ ለማን ነው የምመሰክረው?»

«እናውርዳቸውና ነድተን እንሂድ።»

«ካወረድኳቸው መልሼ የምጭንበት ከፍ ያለ ቦታ እዚህ የለም። መኪናዋ ትነሣ እንጂ እስከ ቀበሌው በር ድረስ ከነከብቱ እመጣልሻለሁ።»

መኪናዋ ካልሄደች ነጋዴው አይመሰክርም፤ ነጋዴው ካልመሰከረ ሊቀመንበሩ አያትምም፤ ሊቀመንበሩ ካላተመ አጣሪው አይጽፍም፤ አጣሪው ካልጻፈ ኃላፊዋ አትፈርምም፤ ኃላፊዋ ካልፈረመች ተቆጣጣሪው አይመልስም፤ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

መገንጠያው ላይ ጌጡ የሚባል ጎሚስታ አለ። የመኪናዋን ጎማ ፈትቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ጥላ ሥር አጋድሞታል። እሱም አጠገቡ ተጋድሟል።

«ለምን አትነፋውም?» አለችው ደብሪቱ።

«በምን ልንፋው እትዬ? ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ከጠፋ ሰነበተ።»

«በእጅ መንፊያስ?»

«የእጅ መንፊያ ያለኝ የብስክሌት ነው። በእሱ ይህን ጎማ ልንፋ ብል እኔ ቀድሜ አልቃለሁ።»

ጌጡ ይህን ያለው እየቀለደ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። መብራት ካልመጣ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ መኪናዋ አትሄድም፤ መኪናዋ ካልሄደች ነጋዴው አይመሰክርም፤ ነጋዴው ካልመሰከረ ሊቀመንበሩ አያትምም፤ ሊቀመንበሩ ካላተመ አጣሪው አይጽፍም፤ አጣሪው ካልጻፈ ኃላፊዋ አትፈርምም፤ ኃላፊዋ ካልፈረመች ተቆጣጣሪው አይመልስም፤ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ደብሪቱ አትበርም፤ ደብሪቱ ካልበረረች ማንጠግቦሽ አትታከምም።

የመብራት ሠራተኛውን ስትፈልግ ዋለች። ቤቱ ሄደች፤ የለም። ገበያ ሄደች፤ የለም። ረቡዕ ጠዋት እዚያው መገንጠያው ላይ፣ መብራቱ በተቋረጠበት ምሰሶ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ አገኘችው። ላቀው ይባላል። በአንድ እጁ ፊውዝ ይዟል።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«የተቃጠለውን አያለሁ። አዲሱ ይኸው እጄ ላይ ነው። ልቀይረው ብወጣ ብዙም አይፈጅብኝም።»

«ታዲያ ውጣ።»

«በምን ልውጣ እትዬ? መሰላሌን ወስደውብኛል።»

ደብሪቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከቅዳሜ ወዲህ ደኅና ምግብ አልበላችም፤ እግሯ አብጧል። ማን ወሰደብህ ብላ መጠየቁ ራሱ ደከማት። የሚመጣውን ስም አታውቀውም፤ ቤቱን አታውቀውም፤ እሱም በተራው ሌላ ሰው ጋ ይልካታል። ለመጀመሪያ ጊዜ እህቷ ሳትታከም እንደምትቀር በልቧ ታያት። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ጠየቀች።

«ማን ነው የወሰደብህ?»

«አውሮፕላን ማረፊያው። እዚያ አምፖል ልቀይር መሰላሌን ይዤ ገባሁ። ልወጣ ስል ሲገባ አልተመዘገበም፣ ያንተ መሆኑን አስረዳ አሉኝ። ለመሰላል ማን ማስረጃ ይይዛል? ከያዙት ዕቃ ጋር ክፍል ውስጥ ቆለፉበት።»

«ማን ነው የቆለፈው?»

«ተቆጣጣሪው ነዋ፤ ሲራክ።»

ደብሪቱ ተነሣች። ላቀው ወዴት ነው ሲላት አልመለሰችለትም።

ሲራክ ከሩቅ ሲያያት በሩ ላይ ጠበቃት። ስለ እሷ ሲያስብ ሰንብቶ ነበር።

«እናቴ፣ ወረቀቱ አለቀ?» አላት።

«ስለ ገንዘቤ አልመጣሁም። መሰላል ልጠይቅህ ነው።»

«የምን መሰላል?»

«የላቀውን። የቆለፍክበትን።»

ሲራክ አስታወሰ። «እሱ እኮ ሲገባ አልተመዘገበም። የእሱ ስለመሆኑ…»

«ልጄ፣ ቆይ ስማኝ» አለችው። ወንበር እስኪያመጣላት አልጠበቀችም፤ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሰው የመንገድ ምልክት እንደሚናገር እያከታተለች ነገረችው።

«አንተ ካልለቀቅክ መሰላሉ አይወጣም፤ መሰላሉ ካልወጣ ላቀው አይወጣም፤ ላቀው ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ መኪናዋ አትሄድም፤ መኪናዋ ካልሄደች ሐጂ አይመሰክሩም፤ ሐጂ ካልመሰከሩ ቸኮል አያትምም፤ ቸኮል ካላተመ ጌድዮን አይጽፍም፤ ጌድዮን ካልጻፈ ሶስና አትፈርምም፤ ሶስና ካልፈረመች አንተ አትመልስም፤ አንተ ካልመለስክ እኔ አልበርም፤ እኔ ካልበረርኩ እህቴ አትታከምም። ቀጠሮዋ ዓርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ሲራክ «መጀመሪያ ላይ ማንን አሉ?» ሲል ጠየቀ።

«አንተን።»

«መጨረሻስ ላይ?»

«ያው አንተን።»

ወደ አስፋልቱ ተመለከተ፤ ፍየሎቹ ተኝተዋል። መመሪያው በጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ ቃል በቃል ያውቀዋል። ላቀውንም ያውቀዋል። ያ ሰው መሰላሉን በትከሻው ይዞ በሰፈሩ ሲያልፍ ስንት ጊዜ ሰላም ብሎታል። ከታች ሦስተኛው እርከን ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ መሆኑን እንኳ ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው አስረዳ ያለው።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ክፍሉን ከፈተ። መሰላሉን እየጎተተ ሲወጣ ወይዘሮ ሶስና ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ማስረጃ መጣ?» አሉ።

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለ ሲራክ። «የላቀው ነው። አውቀዋለሁ።»

«ያኔስ አታውቅም ነበር?»

«ያኔም አውቅ ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ሶስና ሰውየውንም መሰላሉንም አዩ። «እንግዲያው በስምህ ፈርመህ አውጣው» አሉት። ፈረመ።

መሰላሉን በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ላይ ጫነው፤ ደብሪቱን ከፊት አሳፈራት። መንገድ ላይ ደብሪቱ «በሬዎቼን ብታውቃቸው ኖሮ ገንዘቤንም ትሰጠኝ ነበር ማለት ነው» አለችው።

«ባውቃቸው ኖሮ ቢያንስ እከራከርልዎት ነበር» አላት።

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ላቀው ዓይኑን አላመነም። መሰላሉን ሲራክ ራሱ አወረደው፤ ምሰሶው ላይ አስደግፎ ከታች ያዘለት። ከዚያ በኋላ ያለው ለማውራትም ቀላል ነው።

ሲራክ ለቀቀና መሰላሉ ወጣ፤ መሰላሉ ወጣና ላቀው ወጣ፤ ላቀው ወጣና መብራት መጣ። የጌጡ ኮምፕሬሰር እያጓራ ሲነሣ ከብቶቹ ደነበሩ፤ መብራት መጣና ጎማው ተነፋ፤ ጎማው ተነፋና መኪናዋ ሄደች። ሲራክ ከመሄዱ በፊት ዳልቻው የደብሪቱን እጅ ሲልስ አየ።

«ይሄ ነው?» አላት።

«ይሄና ያኛው።»

«አሁንማ እኔም አወቅኳቸው።»

«እንግዲያው ገንዘቤን ስጠኝ።»

«ገንዘብ እንደ መሰላል በእኔ ፊርማ አይወጣም እናቴ። ግን ማታ ቢሮ ሳይዘጋ እዚያው እጠብቅዎታለሁ። ኃላፊያችን ሌላ ነገር ካሉም እከራከራለሁ።»

መኪናዋ ሄደችና ነጋዴው መሰከረ። ሐጂ ሙዘይን ከነከብታቸው ቀበሌው በር ላይ ቆሙ፤ ሊቀመንበሩ ቸኮል ወጥቶ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ዳልቻው ላዩ ላይ ተነፈሰበት። «ከእሷ የገዛኋቸው እነዚህን ነው፤ ገንዘቡንም በእጇ ሰጥቻታለሁ» አሉ ሐጂ። ነጋዴው መሰከረና ሊቀመንበሩ አተመ። ማኅተሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ ነው የመታው፤ መኪናዋ መንገድ ዘግታ ከኋላ ጥሩምባ ይነፋበት ነበር። ሊቀመንበሩ አተመና አጣሪው ጻፈ፤ ጌድዮን ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለና ጻፈ። አጣሪው ጻፈና ኃላፊዋ ፈረመች። ወይዘሮ ሶስና እንዳሉት ዓይናቸውን አላሹም፤ ፈርመው ሲጨርሱ ግን ተነሥተው ደብሪቱን ሳሟት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ» አሉ። «ነገም እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢመጣ መያዛችን አይቀርም። መንገዱን ግን ማሳጠር አለብን፤ ዛሬ ገባኝ።»

«አሳጥሩት» አለች ደብሪቱ። «ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ አሮጊት ልትሆን ትችላለች።»

ኃላፊዋ ፈረመችና ተቆጣጣሪው መለሰ። ሲራክ ጥቅሉን ከነነጠላው አስረከባት፤ እንደጠቀለለችው ነበር፤ ቋጠሮው እንኳ አልተለወጠም። ሐሙስ ማለዳ ፍየሎቹ ተባረሩ፤ ደብሪቱ ተመዘነች፤ ከሰኞው ቀልላ ተገኘች። ተቆጣጣሪው መለሰና ደብሪቱ በረረች።

ከላይ ሆና አገሯን አየች። ናዳው የቆረጠው መንገድ እንደ ጭረት ነው። ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ ይዛለች። አስተናጋጇ ላስቀምጥልዎት ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ደብሪቱ ሳታስበው የታተመውን ወረቀት አወጣችላት። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት ፈገግ አለችና ውኃ ሰጠቻት።

የሆስፒታሉ ገንዘብ መቀበያ ከመዘጋቱ በፊት ደረሰች። ገንዘብ ተቀባይዋ ጥቅሉን ፈትታ ብሩን ማሽኑ ላይ እያደረገች ታስቆጥር ጀመር። ደብሪቱ በመስኮቱ ወረቀቱን አሾለከችላት።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ነው።»

«እሱ እኛ ጋ አያስፈልግም» አለች ልጅቷ፤ ወረቀቱን መለሰችና ደረሰኝ ቆረጠችላት።

ደብሪቱ በረረችና ማንጠግቦሽ ታከመች። ዓርብ ጠዋት አስገቧት፤ ከሰዓት አወጧት። ደብሪቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስትጠብቅ አደረች፤ እህቷ ዓይኗን የገለጠችው በማግስቱ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ድምፅዋ ግን የራሷ ነው።

«በአውሮፕላን ነው አይደል የመጣሽው?» አለች። «እንዴት ነው፣ ይፈጥናል?»

ደብሪቱ ትንሽ አሰበች።

«እሱስ ይፈጥናል» አለች። «መሰላል ፍለጋው ነው እንጂ የሚያቆየው።»

ማንጠግቦሽ ለመሳቅ ሞከረችና ስፌቱ ወጋት።

«የምን መሰላል?»

«ሲሽልሽ እነግርሻለሁ» አለቻት ደብሪቱ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችላት። «አሁን ከጀመርኩልሽ እየሳቅሽ ስፌቱን ትፈቺዋለሽ። ተኚ።»

ተኛች።